ገመዱን ከሰሱት፤ ዘይቱን ማን ይክሰስ?

ባለፈው ሰሞን ከአንድ ወዳጄ ጋር ቡና ይዘን ስናወራ «ስለ ዓሣ ነባሪ ልጽፍ ነው» አልኩት። ሳቀብኝ። «ወደብ የሌለው ሀገር ሰው፣ ዓሣ ነባሪ ምን አግብቶህ?» አለኝ። አልፈርድበትም፤ ከእናንተም ብዙው እንዲሁ እንደሚል እገምታለሁ። ኑሮ ተወዶ፣ መብራት እየጠፋ፣ ሰው በሰላም ወጥቶ መግባት በተሳነው ጊዜ የባህር አውሬ ስብ ምን ይሰራልናል? ትንሽ ታገሱኝ። የወዳጄን ጥያቄ እመልሳለሁ፤ መልሱ የተሰቀለው ግን እዚሁ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከሉሉ ነው። ሉሉ ሲባል የኛ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው የጃንሆይ ውሻ ነው፤ ይቺኛዋ ግን ኦርካ ናት። ፈረንጆቹ ገዳይ ዓሣ ነባሪ ይሏታል፣ በዘሯ ግን ከዶልፊን ቤተሰብ ነች። በጃንዋሪ 2016 መጀመሪያ ላይ በስኮትላንድ ምዕራብ ጠረፍ፣ ታይሪ በምትባል ደሴት ዳርቻ ሞታ ተገኘች። የመረመሯት ባለሙያዎች የሞቷን ምክንያት ለማወቅ አልተቸገሩም፤ የዓሣ አጥማጆች ገመድ ተጠምጥሞባት ነበር። ዜናውም ገመድ ገደላት አለ። በዚያው ሊዘጋ ይችል ነበር።

አልተዘጋም። በስኮትላንድ የባህር ዳርቻዎች ሞተው የሚገኙ እንስሳትን የሚመረምረውን ቡድን ይመራ የነበረው የእንስሳት ሐኪም አንድሪው ብራውንሎና ባልደረቦቹ ከቆዳዋ ስር ካለው ስብ ቆርጠው ለላቦራቶሪ ምርመራ ላኩት። ውጤቱ በ2017 ይፋ ሆነ። በአንድ ኪሎ ስብ ውስጥ 957 ሚሊግራም ፒሲቢ! አንድ ግራም ሊሞላ ጥቂት የቀረው መርዝ፣ በእያንዳንዱ ኪሎ። በባህር አጥቢ እንስሳት ላይ ጉዳት መታየት ይጀምርበታል ተብሎ ተመራማሪዎች የሚሰሩበት መጠን 9 ሚሊግራም ነው። ሉሉ ከመቶ እጥፍ በላይ ተሸክማ ነበር የምትዋኘው።

ይሄን ቁጥር በሌላ በኩል እንየው። አውሮፓም ሆነ አሜሪካ አንድ የትራንስፎርመር ዘይት በኪሎ 50 ሚሊግራም ፒሲቢ ከተገኘበት እንደ ተራ ዘይት አያዩትም፤ እንደፈለጉ መድፋትም መሸጥም ክልክል ነው፣ ልዩ አያያዝ አለው። ከሉሉ የወጣው ስብ የዚህ 19 እጥፍ ነው። ሉሉ ትራንስፎርመር ብትሆን ኖሮ ጓንትና ጭምብል ያደረጉ ሰዎች በልዩ መኪና ጭነው፣ ፈቃድ ወዳለው ምድጃ ወስደው፣ ከ1,000 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ያቃጥሏት ነበር። እንስሳ ስለሆነች ግን የሚጠየቅ ሰው የለም።

ሌላም ነገር አገኙ። ሉሉ ቢያንስ 20 ዓመት ይሆናታል። ኦርካ አብዛኛውን ጊዜ በአስራዎቹ ዕድሜ ውስጥ መውለድ ትጀምራለች። የሉሉ ማህጸንና እንቁላል ማምረቻዋ ግን አንድም ጊዜ ልጅ ይዛ እንደማታውቅ አሳዩ። እሷ ብቻም አይደለችም። የነበረችበት መንጋ ያኔ በቁጥር ከአስር ያነሰ ነበር፤ ክትትል በተደረገበት ከሁለት አሥርተ ዓመታት በላይ በሆነ ጊዜ አንድም ግልገል አልታየበትም። ገመዱ አንዲት ኦርካ ገደለ። ዘይቱ ግን መንጋውን አምክኖታል የሚል ጥርጣሬ አለ፤ እኔም ከተጠራጣሪዎቹ ጋር ነኝ።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው። አጥማጁን መክሰስ ቀላል ነው። ድሃ ነው፣ ገመዱም በዓይን ይታያል፣ ፎቶ ይነሳል። ፒሲቢ ግን ቀለም የለውም፣ አይሸትም፣ ፎቶም አይነሳም። ያመረተው ደግሞ ጠበቃ ያለው ነው።

ፒሲቢ ሙሉ ስሙ ፖሊክሎሪኔትድ ባይፊኒል ነው፤ አንድ ሳይሆን 209 ዓይነት ወንድማማች ኬሚካሎች በአንድ ስም ሲጠሩ ነው። በተፈጥሮ የለም። ሰው ነው የሰራው። በፋብሪካ ደረጃ መመረት የጀመረው በ1929 አሜሪካ፣ አላባማ ክፍለ ግዛት፣ አኒስተን በምትባል ከተማ ነው። አይነድም፣ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ ሙቀት ይችላል፣ አይበላሽም። ለትራንስፎርመር፣ ለካፓሲተር፣ ለቀለም፣ ለህንጻ ክፍተት መድፈኛ ከዚህ የተሻለ ከየት ይመጣል? ዓለም ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ አምርቶ ተጠቀመበት። አይበላሽም የተባለለት ሙያው ዛሬ ጥፋቱ ሆነ፤ መሬት ላይም፣ ባህር ውስጥም፣ ስብ ውስጥም አይበላሽም።

እንዴት እንደተገኘ ስሙ፤ እኔ ከሁሉም በላይ የምወደው ይሄን ክፍል ነው። በ1960ዎቹ ሶረን የንሰን የሚባል ስዊድናዊ ኬሚስት በዓሣና በንስር ሰውነት ውስጥ ዲዲቲ እየፈለገ ነበር። መሣሪያው ጋዝ ክሮማቶግራፍ ይባላል። ከስብ የተጨመቀውን ናሙና አሙቆ ወደ ጋዝ ይለውጠውና በረጅም ቀጭን ቱቦ ይሰደዋል፤ እያንዳንዱ ኬሚካል በራሱ ሰዓት ይወጣል፣ ሲወጣም ወረቀቱ ላይ አንድ ጉብታ ይስላል። ሁሉም የራሱ ሰዓት ስላለው ማን እንደሆነ ይታወቃል። የንሰን የዲዲቲን ጉብታዎች አገኘ፤ አጠገባቸው ግን የማያውቃቸው ሌሎች ጉብታዎች ተሰልፈው አየ። ማን ናቸው? ሌላ የተባይ ማጥፊያ ይሆን? ቤተ መዘክር ውስጥ ወደተቀመጡ የድሮ ንስሮች ሄደ። በ1944 ከተገኘ ንስር ላባ ላይም ጉብታዎቹ አሉ! ዲዲቲ ገና ወደ ስዊድን እርሻ ሳይገባ ማለት ነው። ስለዚህ ከእርሻ የመጣ አይደለም። ፈልጎ ፈልጎ በ1966 ፒሲቢ መሆኑን ተናገረ። እግረ መንገዱንም በራሱ ቤተሰብ ፀጉር ውስጥ አገኘው።

ዛሬ በሉሉ ስብ ላይ የሚሰራው ስራ በመሠረቱ ይሄው ነው፤ መሣሪያው ረቀቀ እንጂ ዘዴው አልተለወጠም። ስለዚህ «ገና ጥናት ያስፈልጋል» የሚል ባለሥልጣን ስትሰሙ ቀኑን ቁጠሩ። ከ1966 ጀምሮ ማን እንደሆነ፣ የት እንዳለ፣ ማን እንዳመረተው ይታወቃል።

አምራቹም ያውቅ ነበር። የአኒስተኑን ፋብሪካ በ1935 የገዛው ሞንሳንቶ ነው። በዚያው በ1966 ድርጅቱ ያስቀጠራቸው ተመራማሪዎች ከፋብሪካው ፍሳሽ በሚገባበት ስኖው ክሪክ በተባለ ጅረት ውስጥ 25 ዓሦች በመረብ አድርገው ነከሩ። በ10 ሰከንድ ውስጥ ዓሦቹ ሚዛናቸውን ሳቱ፤ በሦስት ደቂቃ ተኩል ሁሉም ሞቱ። በወንዙ ዳር የሚኖሩት በአብዛኛው ድሆችና ጥቁሮች ነበሩ። ማንም የነገራቸው የለም። ምርቱ በአሜሪካ እስከ 1977 ቀጠለ። ሰነዶቹ ፍርድ ቤት ወጥተው የአኒስተን ነዋሪዎች በስምምነት 700 ሚሊዮን ዶላር የተባለላቸው በ2003 ነው። ከዓሦቹ ሞት 37 ዓመት በኋላ።

የአኒስተን ሰዎች ቢያንስ ጠበቃ ነበራቸው። ዓሣ ነባሪ የላትም፤ ያላት ስብ ብቻ ነው። መርዙም የሚፈልገው እሱኑ ነው። ፒሲቢ ውሃ አይወድም፣ ስብ ይወዳል። ባህር ውስጥ በዓይን የማይታዩት ጥቃቅን ፍጥረታት ትንሽ ይይዛሉ፣ ትንሹ ዓሣ እነሱን በልቶ ያጠራቅማል፣ ትልቁ ትንሹን፣ ዶልፊኑ ትልቁን፣ ኦርካ ደግሞ ሁሉን። በየደረጃው መጠኑ ይባዛል። ወንዱ ኦርካ እስኪሞት ይሸከመዋል። ሴቷ ግን መውጫ አላት፤ መውጫውም ልጇ ነው። የኦርካ ወተት እጅግ ቅባታም ነው፣ መርዙ ከስቧ እየቀለጠ በወተቱ ይወርዳል። የበኩር ልጅ ትልቁን ድርሻ ይወስዳል፣ የመሞት ዕድሉም ከታናናሾቹ ይበልጣል። የአባት ዕዳ ለልጅ የሚባለው እኛ ዘንድ ነው፤ እዚያ የእናት ሆኖ በወተት ይከፈላል። ሉሉ አልወለደችም፣ ስለዚህ የምትቀንስበት መንገድ አልነበራትም።

በ2016 ፖል ጄፕሰን የሚባል እንግሊዛዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ከአውሮፓ ባህሮች ከ1,000 በላይ የዶልፊን፣ የፖርፖይስና የኦርካ ናሙናዎችን አጠናቅረው አወጡ። ውጤቱ ለ«ታግዷል እኮ» ባዮች ጥሩ ዜና አልነበረም። ከእገዳው በኋላ መጠኑ ቀንሶ ነበር፤ ከዚያ ግን ቆመ። በብሪታንያ ፖርፖይስ ላይ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መውረዱን አቁሟል። ዲዲቲ ሲቀንስ ፒሲቢ ባለበት ቀረ። በ2018 ደግሞ ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ከ350 በላይ የኦርካ ናሙናዎችን አስልቶ፣ ከዓለም የኦርካ መንጋዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በመቶ ዓመት ውስጥ በዚሁ መርዝ ብቻ ክፉኛ ሊመናመኑ እንደሚችሉ ተነበየ። ዓሣ የሚበሉት በኖርዌይና በአይስላንድ ዙሪያ ያሉት በአንጻሩ ደህና ናቸው፤ በብሪታንያ፣ በጅብራልታር፣ በብራዚል ዙሪያ ያሉት የከፋ ላይ ናቸው።

ለምን ቆመ? ማገድና ማስወገድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ጠቡም እዚህ ላይ ነው። መንግሥታት በ1970ዎቹና 80ዎቹ ማምረትን አገዱ፣ ተጨበጨበላቸው፣ ተበተኑ። ዘይቱ ግን የትም አልሄደም። በትራንስፎርመር ውስጥ፣ በቆሻሻ ክምር ስር፣ በአሮጌ ህንጻ ግድግዳ መሃል ተቀምጦ ይንጠባጠባል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ እዚህ ግን ጅቡም አልሄደ! የስቶክሆልም ስምምነት በ2001 ሲፈረም ሀገራት ፒሲቢ ያለባቸውን ዕቃዎች እስከ 2025 ከስራ እንዲያስወጡ፣ ቆሻሻውንም እስከ 2028 በአግባቡ እንዲያስወግዱ ተስማሙ። በ2016 በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጥላ ስር በተሰራ ግምገማ መሠረት ከ17 ሚሊዮን ቶን ገደማ ፒሲቢ የነካው ዘይትና ዕቃ ውስጥ የተወገደው 3 ሚሊዮን ያህሉ ነበር። 2025 አለፈ። የዚህ ሁሉ መነሻ የሆነችው አሜሪካ ስምምነቱን ፈርማለች፣ እስካሁን ግን አላጸደቀችም።

«ሰውስ?» የምትሉ አላችሁ። የፋሮ ደሴቶችን እዩ። በሰሜን አትላንቲክ መሃል ያሉ፣ ከዴንማርክ ጋር የተሳሰሩ ደሴቶች ናቸው። ህዝቡ ፓይለት ዌል የሚባለውን ትልቅ ዶልፊን ከጥንት ጀምሮ አድኖ ይበላል። ስጋው ሜርኩሪ፣ ስቡ ፒሲቢ ይዟል። ፓል ቫይሃ የሚባል የደሴቶቹ ተወላጅ ሐኪም ከዴንማርኩ ፊሊፕ ግራንዣን ጋር ሆኖ በ1986 እና 87 የተወለዱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ህጻናትን መከታተል ጀመረ። ሰባት ዓመት ሲሞላቸው ተፈተኑ። እናታቸው በእርግዝናዋ ብዙ ሜርኩሪ የደረሳት ልጆች በቋንቋ፣ በትኩረትና በማስታወስ ችሎታ ዝቅ ብለው ተገኙ። በ2008 ቫይሃና የደሴቶቹ ዋና የጤና ኃላፊ ለገዛ ህዝባቸው «ከእንግዲህ የዓሣ ነባሪ ምግብ ለሰው አይመከርም» ብለው ጻፉ። አስቡት፤ አንድ የጤና ኃላፊ ለህዝቡ ጥሬ ስጋ ይቅርባችሁ ብሎ እንደማወጅ ነው። ያውም ህዝቡ ራሱ ባላጠፋው። ፋሮዎች ሞንሳንቶን አልመሰረቱም፣ የድንጋይ ከሰል ማመንጫም አልሞሉም።

የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅቶችንም ሳልነካ አላልፍም። የፋሮን አደን ለማውገዝ ቀይ የሆነ ባህር ፎቶ ይዘው ዓለምን ያስለቅሳሉ። አደኑን መቃወም መብታቸው ነው። ግን የፋሮው ገበሬ በቢላ የሚገድለውን ቆጥሮ፣ የበለጸጉት ሀገራት ገና ሳይወለድ በዘይት የሚያመክኑትን አለመቁጠር ምን ዓይነት ሂሳብ ነው? ደም ፎቶ ላይ ያምራል፤ ክሎሪን አያምርም።

እንግዲህ ወደ ወዳጄ ጥያቄ። ኢትዮጵያ የስቶክሆልምን ስምምነት በ2003 አጽድቃለች። ስምምነቱን ለመፈጸም በተዘጋጀው ሀገራዊ ዕቅድ ላይ ፒሲቢ የያዙ ትራንስፎርመሮች እንዳሉን እኛው ራሳችን መዝግበናል። ከ1980ዎቹ በፊት የገቡ አሮጌ ትራንስፎርመሮች ዋነኞቹ ተጠርጣሪዎች ናቸው፤ ንጹሁም ቢሆን ለጥገና ሲከፈት በአንድ ፓምፕና በአንድ በርሜል ዘይት ከተቀያየረ ይበከላል። ዘይቱ የሚፈስበትን ቦታ ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ትራንስፎርመር ሲፈነዳ ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ያያል፣ ልጆች ከስሩ ይጫወታሉ፣ ጥቁሩን አፈር ማንም አያነሳውም። በጎረቤት ኬንያ የትራንስፎርመር ዘይት እየተሰረቀ ለምግብ መጥበሻ ይሸጥ እንደነበር በዜና ተዘግቧል። እኛ ጋ አይደረግም ብሎ የሚምል አለ?

ባህር የለንም ማለት ከባህር ተለይተናል ማለት አይደለም። ፒሲቢ በሞቃት ሀገር ይተናል፣ በነፋስ ይሄዳል፣ በቀዝቃዛ ሀገር ይወርዳል፤ አንድም የፒሲቢ ፋብሪካ በሌለበት በሰሜን ካናዳ የኢኑይት እናቶች ጡት ወተት ውስጥ በ1980ዎቹ መጨረሻ ሲለካ በደቡብ ኩቤክ ካሉ እናቶች አምስት እጥፍ ያህል ሆኖ የተገኘው በዚህ መንገድና በሚበሉት የባህር እንስሳ ስብ ነው። የሚሄደው ክፍል ይሄዳል። የሚቀረው ደግሞ እዚሁ ይቀራል፤ በአፈራችን፣ በሐይቆቻችን ዓሣ፣ በላሞቻችን ወተት። ስብ የሚወድ መርዝ የኦርካን ወተት ከእናት ወተት አይለይም።

አይቻልም የሚለኝ ሰው ደግሞ ታሪካችንን አያውቅም። ከ2000 ጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ድጋፍ በየመጋዘኑ የተከማቸ ጊዜው ያለፈበት የተባይ ማጥፊያ መርዝ ተለቅሞ፣ ታሽጎ፣ ከ1,000 ቶን በላይ ወደ ፊንላንድ ተጭኖ ተቃጥሏል። የኛው ልጆች ናቸው በጠራራ ፀሐይ የመከላከያ ልብስ ለብሰው የለቀሙት። ገንዘቡ ከውጭ መጣ፤ መምጣትም ነበረበት፣ መርዙን የሸጡልን እነሱ ናቸውና። ለትራንስፎርመሩ ዘይትም ክፈሉ ማለት ልመና አይደለም።

ከራሳችን የምንጠይቀው ግን ርካሽ ነው። ፒሲቢን ለመለየት የመጀመሪያው ፍተሻ ትንሽ የዘይት ናሙና ወስዶ ክሎሪን መኖር አለመኖሩን በቀላል መሣሪያ ማየት ነው፤ ከተጠረጠረ ብቻ ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። ስምምነቱ አባል ሀገራት ፒሲቢን በማስወገድ ረገድ የደረሱበትን በየአምስት ዓመቱ እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። ስለዚህ ሪፖርት አለ፣ ወይም ሊኖር ይገባ ነበር። ስንት ትራንስፎርመር ተፈተሸ? ስንቱ ተበክሎ ተገኘ? በየትኛው ከተማ፣ በየትኛው ግቢ ተቀምጧል? ከስራ የወጣውስ ዘይቱ ተቀድቶ ወዴት ሄደ፣ ብረቱስ ለማን ተሸጠ? ዝርዝሩ የመንግሥት ምስጢር የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም። በአማርኛና በየክልሉ ቋንቋ ይውጣ፤ በኤሌክትሪክ አገልግሎት ቅርንጫፍ በር ላይም ይለጠፍ፤ በየግቢው በር ላይ ያለው ዘበኛ እንኳ የትኛውን በርሜል መንካት እንደሌለበት ይወቅ። ለ2028 የቀረን ጊዜ ጥቂት ነው።